በ46 ዓመት እንደገና አፍ መፍታት

ከደሴ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የእናቴ አባት ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ነበሩ። ከእርሳቸው የቀረ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሐይቅ ከተማ እናቴ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ፤ ግማሹ ዓረብኛ ነው፣ ግማሹ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ልጅ ሳለሁ ቁርኣን ስለቀራሁ ፊደሉን አነባለሁ፤ የዓረብኛውን ትርጉም ግን አላውቀውም። ዘንድሮ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ለ8 ሳምንት አዳሪ ሆኖ ዓረብኛ በሚማሩበት የክረምት ትምህርት ቦታ አገኘሁ። የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ እነርሱ ይችላሉ፤ የአውሮፕላን ትኬቱ የእኔ ነው። እዚያ ስቆይ ከዓረብኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ላልናገር ቃል ገብቼ መፈረም አለብኝ። እናቴ 78 ዓመት ሆኗታል፤ ድምፄን ሳትሰማ አታድርም። ጓደኞቼ ‹ዓረብኛ ልትማር አሜሪካ?› እያሉ ይስቁብኛል። ሰው ፊት ቆሜ የማስተምር ሰው ከ20 ዓመት ልጆች መካከል ተቀምጬ ስኮላተፍ እየታየኝም ፈራሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ወንድሜ፣ ይሂዱ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ትኬቱን፣ እናትዎንና የጓደኞችዎን ሣቅ አስቀድመው፣ ፍርሃትዎን መጨረሻ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገውታል። ደብዳቤውን ያጻፈዎት ግን እርሱ ይመስለኛል። ትኬት በዕቁብም በብድርም ይገኛል፤ ጓደኛም ስቆ ስቆ ይተዋል። ተማሪ ተነሥቶ የሚቀበለው፣ ለሽምግልና የሚጠራ፣ ንግግሩ የሚደመጥ ሰው ሆኖ ሳለ «ውኃ ስጡኝ» ለማለት ቃል ማጣት ግን ከባድ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

እኔ ይህን የተማርኩት ባቲ ነው። የ38 ዓመት ሴት ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ኦሮምኛ ልማር ብዬ ከከተማው ዳር አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተማርኩም። ምክንያቱ የሰዉ ደግነት ነበር። የባቲ ሰው ሁለትም ሦስትም ቋንቋ ያውቃል፤ ሰኞ ገበያ ላይ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ አርጎባው ተቀላቅሎ ስለሚገበያይ እንግዳን በየትኛው ቋንቋ ማናገር እንደሚሻል ፊቱን አይተው ይለያሉ። እኔ ጨው ፈልጌ «ሶጊዳ» ስል፣ ባለሱቁ እንዳልቸገር ብሎ በጠራ አማርኛ «የስንት ብር ልስጥሽ?» ይለኛል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በእኛ አገር እንግዳን በማያውቀው ቋንቋ ማስጨነቅ ነውር ነው። ቋንቋ ሊማር ለመጣ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ እንቅፋት አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት የቤቱን እመቤት አስቀምጬ፣ ከእንግዲህ ክረምቱ እስኪወጣ በአማርኛ ቢጠሩኝም አልመልስም አልኳቸው። ልጆቻቸውን ሰብስበው ይህንኑ አዘዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነብኝ። ቁርስ ላይ የምለው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። የአምስት ዓመቷ ልጃቸው እጄን ይዛ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ እየነካች ስሙን ታስጠራኛለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች፤ እስካስተካክለው ድረስም አትለቀኝም። አንድ ቀን ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄድን። በአማርኛ ቢሆን ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እዚያ ግን ሁለት ቃል እንኳ አልነበረኝም። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት እጄን ይዘው አንዲት የማጽናኛ ሐረግ ቀስ አድርገው በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ደገምኩላቸው፤ አረሙኝ። ስንወጣ ለሟች ልጅ ያችኑ ተናገርኩ፤ ልጁም እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ መለሰልኝ። ከመጽሐፍ ያጠናሁት ኦሮምኛ አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ ያች ሐረግ ግን እንቅልፍ ላይ ብትጠይቁኝም ትመጣልኛለች።

የሚፈርሙት ቃል የተሠራው ለዚህ ነው። ከእርስዎ አንደበት ይልቅ የሌሎችን ደግነት ያግዳል። ይህን ዓይነቱን የክረምት ትምህርት በሰፊው ያሳወቀው በቬርሞንት ግዛት ያለው ሚድልበሪ ኮሌጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመንኛ ጀመረ፣ በ1916 ፈረንሳይኛ፣ በ1917 ስፓኒሽ ጨመረ፤ ዓረብኛ የተከተለው በ1982 ነው። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት መምህሩና ተማሪው አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ አንድ አዳራሽ ይበላሉ። ኳሱም፣ ቲያትሩም፣ ዘፈኑም በሚማሩት ቋንቋ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሰሙትን ቃል ምሳ ላይ ዳቦ ለመጠየቅ ይፈልጉታል፤ ማታ ደግሞ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው ከክፍል ጓደኛዎ ጋር ለመከራከር።

አያትዎ ቢሰሙ ይህን ሥርዓት አይገርማቸውም ነበር። ደረሳ ቤቱን ጥሎ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ ድረስ ሄዶ ከሸኽ ደጅ የሚያድረው፣ የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ዋድላ የሚወርደው፣ ትምህርቱ በቀን አንድ ሰዓት እየተባለ ስለማይገባ ነው። ልዩነቱን ግን ልንገርዎት። ሸኹ ኪታቡን፣ መምህሩም መጽሐፉን የሚተረጉሙት በአማርኛ ነበር፤ ደረሳው በዓረብኛ ያነባል እንጂ በዓረብኛ ገበያ አይሄድም። እርስዎ አያትዎ ያልሄዱበትን ግማሽ መንገድ ሊሄዱ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ጥያቄ ልምጣ፤ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ፈረንሳይኛ የሚማሩ አሜሪካውያንን በሦስት መድቦ አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው ቡድን በየኮሌጁ በመደበኛው ክፍል የተማረ ነው። ሁለተኛው አንድ ሴሚስተር ፈረንሳይ ሄዶ የተማረ ነው። ሦስተኛው እዚያው አሜሪካ በክረምት አዳሪ ትምህርት የገባ ነው። በንግግር ቅልጥፍና ከሁሉ ልቆ የተገኘው ሦስተኛው ቡድን ሆነ። ፈረንሳይ የሄዱት ከክፍል ሲወጡ ከፈረንሳይኛ ይልቅ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ነበርና። እርስዎም ካይሮ ወይም አማን ቢሄዱ የመጀመሪያ ሥራዎ የአገርዎን ልጅ አፈላልጎ አብሮ መከራየት ይሆናል። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርጋለሁ። ቋንቋ የሚያስተምረው በቀን ስንት ሰዓት እንደ ተናገሩበት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው አገር ብዙም አይረዳም።

አሜሪካ ሳይሄዱ፣ ቃል ሳይፈርሙ ዓረብኛ የገቡበት ወገኖች አሉን። ከሐርቡ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ ተነሥተው ጅዳና ሪያድ፣ ኩዌትና ቤይሩት ሰው ቤት ለመሥራት የሄዱ ልጆቻችን ናቸው። ያልገባትን ትእዛዝ ባለመፈጸሟ የምትሰደብ የ19 ዓመት ልጅ፣ ማታ በሯን ዘግታ የሰማችውን ቃል ለብቻዋ ስታጉተመትም፣ ማንም ቋንቋ ተማሪ አላላትም። በወራት ውስጥ አፏ ተፈታ፤ በስንት ዕንባ እንደ ተፈታ የምታውቀው እርሷ ናት። ሰፈርዎ ውስጥ ከተመለሱት አንዷ አትጠፋም። እስኪሄዱ ድረስ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቡና ላይ በዓረብኛ ብቻ እንድታናግርዎት ይለምኗት፤ ለጊዜዋም እንደ መምህር ይክፈሏት። ስሕተትዎንም አስቀድመው በአገር ልጅ ፊት ይልመዱት። የምትናገረው የቤትና የገበያ ዓረብኛ መሆኑን ግን ይወቁ። «ምን ትፈልጋለህ?» ለማለት ጅዳ የቆየችው «ኤሽ ትብጋ» ትላለች፣ ቤይሩት የቆየችው «ሹ በዳክ»፤ ክፍል ውስጥ የሚሰሙት ፉስሓ፣ የመጻሕፍቱ ዓረብኛ፣ «ማዛ ቱሪድ» ነው። የአያትዎን መጽሐፍ የሚከፍትልዎ ፉስሓው ነው። ሰው ፊት የማያስደነግጥዎ ግን የልጅቷ ዓረብኛ ነው።

ዕድሜዎን በተመለከተ፣ ሕፃን ብቻ ነው ቋንቋ የሚይዝ የሚለውን ወሬ ብዙ አይስሙት። ወደ ሆላንድ የሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው ደችኛ የተማሩት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችና አዋቂዎች እንደ ነበሩ አሳይቷል፤ ከሁሉ ዝቅ ያሉት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ሕፃኑ በለዛው ይቀድማል፤ እርስዎ ግን የሚሄዱት ለ8 ሳምንት ነው። ለዛዎ የወሎ ቢሆን ማንም አይጎዳም።

ደግሞም ባዶ እጅዎን አይሄዱም። አብረውዎት የሚቀመጡት አሜሪካውያን ከሦስት ፊደል አንድ ቤተሰብ ቃል ሲወለድ ገና አይተው ሊገረሙ ነው፤ እርስዎ ግን ከ«ጻፈ» መጽሐፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት ሲወጣ ከእናትዎ ጡት ጋር ጠብተውታል። ዓረብኛውም «ከተበ» ጻፈ ይልና ኪታብ መጽሐፍ፣ ካቲብ ጸሐፊ፣ መክተብ መጻፊያ ቦታ ወይም ቢሮ ይሆናል። «በይት» ቤት ነው፣ «ኢስም» ስም ነው፣ «መውት» ሞት ነው። ሱቅና ወረቀት ራሳቸው ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። የሚያስቸግርዎ ጉሮሮዎ ነው። እኛ ሀን፣ ሐን፣ ኀን ለይተን እየጻፍን አንድ አድርገን እናነባለን፤ አን ከዐም አንለይም። ዓረብኛ እነዚህን ሁሉ ለይቶ ይናገራል፤ ቁርኣን ሲቀሩ የለመዱት አነባበብ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅምዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከሁሉ አስፍቼ ብነግርዎት የምወደውም ይህን ነው። ሲደርሱ የምደባ ፈተና ይሰጥዎታል። እርስዎ ጽሑፉን እንደ ውኃ ያነቡታል፣ መንዙማውንም በቃልዎ ይወጡታል፤ የሚሰማዎት መምህር ብዙ የሚያውቁ ሊመስለው ይችላል። ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ክፍል ከገቡ 8ቱን ሳምንት በዝምታ ይጨርሱታል። የሚያነቡትን እንደማያውቁት በግልጽ ይናገሩ። «ፊደሉን አውቃለሁ፣ ትርጉሙን አላውቅም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር በዓረብኛ አጥንተው ይሂዱ። ታሪክ አስተማሪ ሆነው ከጀማሪዎች ጋር መቀመጥ ሊከብድዎት ይችላል፤ ቢሆንም ከጀማሪዎች ጋር ይቀመጡ። እዚያ «ጋሼ» የሚልዎ የለም። የ20 ዓመቱ ልጅ በስምዎ ይጠራዎታል፣ ግሥዎን ያርማል፤ ባቲ ያች የአምስት ዓመት ልጅ እኔን እንዳረመችኝ። ይፍቀዱለት። ቤትዎ ሲመለሱ ክብርዎ ጠብቆ ይቆይዎታል።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ከመፈረምዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ጽፈው፣ ቤተሰብን ማነጋገር እንዴት እንደሚታይና ሕመም ቢያጋጥም ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ከፈቀዱልዎት በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይደውሉ። በአሜሪካ ምሥራቅ ክረምት ላይ ቀትር ሲሆን ሐይቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከጁምዓ ጋር ይስማማል። በየቀኑ መደወል ግን ቢቻልም አልመክርዎትም፤ ከእናት ጋር አንድ ሰዓት በአማርኛ የተጫወተ ሰው ሲነጋ ዓረብኛው እንደገና ከሥር ይጀምርበታል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎ ላይ «ድምፄን ሳትሰማ» ብለዋል። የሚፈልጉት ድምፅዎን ነው፣ ወሬውን አይደለም። ታዲያ በየማታው በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ ድምፅ በዓረብኛ ይላኩላቸው፤ ሰላምታ፣ ዱዓ፣ የዕለቱን ትምህርት። የእኅትዎ ወይም የጎረቤት ልጅ ስልኩን ከፍቶ ያሰማቸው። ቃልዎን አላፈረሱም፣ እርሳቸውም የደኅንነትዎን ነገር ከድምፅዎ ይለዩታል። የደረሳ ልጅ ናቸውና አባታቸው ለዒልም ሲሄዱ ስልክ ቀርቶ ደብዳቤ እንደማይመጣ ያስታውሳሉ። አስቀድመው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ የምሄደው የአባትሽን መጽሐፍ ላነብ ነው ይበሏቸው። እንዲያውም የሚያጣድፉዎት እርሳቸው ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ቪዛው ብዙ አልልም። እንዲህ ላለ የሙሉ ቀን ትምህርት የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለእርሱም ትምህርት ቤቱ የሚልክልዎትን ቅጽ ይዘው ኤምባሲው ዘንድ አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። ቅጹ በደረሰዎት ዕለት ቀጠሮ ይያዙ። ለትኬቱ ዕቁብዎን ቀድመው ይጠይቁ፤ ለእርሱ ሲሉ ግን መሬትም ከብትም አይሽጡ።

ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ራስዎን ያምዎታል፤ እኔ እንዲያ ሆኜ ነበር። ምሳ ላይ ሁሉም ሲስቅ የሳቁበት ሳይገባዎት ይቀራል። ጥሩ ቀልድ በአማርኛ አፍዎ ላይ ይመጣል፤ ይዋጣል። «እኔ እኮ እንዲህ አልነበርኩም» የሚል ሐዘን ይይዝዎታል፤ ያን ጊዜ ማዕድ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሐበሻ ትኖር ይሆን ብለው ማፈላለግ ያምርዎታል። በዚያ ሳምንት አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙ። የተማሩትን ቃል አይጻፉበት። በቀኑ ውስጥ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩት ምንድን ነው ብለው፣ ያን ብቻ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ጠዋት ቁርስ ላይ ለመምህርዎ ያሳዩ፣ በዕለቱም ከሰው ጋር ይናገሩበት። ይህ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ረድቶኛል።

ሲመለሱ ነሐሴ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጥቂት ሳምንታት ይኖርዎታል። ያን ጊዜ ለወሬ አይስጡት፤ የተማረ ሰው ፈልገው፣ አንድ ሸኽ ዘንድ ሄደው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ያንብቡ። በ8 ሳምንት የተፈታ አፍ በ8 ሳምንት ዝምታ ይታሰራልና።

የአማርኛውን ግማሽ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለብዎትም። ፊደሉን ያውቃሉ፣ ቋንቋው የራስዎ ነው። ዓረብኛ ለ«ጨ»ም ለ«ጰ»ም ፊደል ስለሌለው ጸሐፊዎቹ የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ የአያትዎን ዘዴ እስኪለዩት ድረስ አንዱ ገጽ ሳምንት ሊፈጅብዎት ይችላል። እናትዎ አጠገብ ሆነው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ እርስዎ ያልለዩትን ቃል እርሳቸው በጆሯቸው ሊለዩት ይችላሉ። ሲሄዱ ደግሞ ዋናውን መጽሐፍ ሻንጣዎ ውስጥ እንዳይከቱት፤ እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፣ መንገድም አይታመንም። ጠዋት፣ ብርሃኑ ደጅ ላይ ሳይከር፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሱትና ከዓረብኛው ክፍል አሥር ገጽ አሳትመው ይያዙ። መጽሐፉ እዚያው ሐይቅ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ፤ ቁልፉም እናትዎ ዘንድ።